የሚነገር ወርና የሚያዝ ወር

በይፋት ቆላ የኖርን ሴቶች ሁለት የእርግዝና ቆጠራ ነበረን። አንደኛው ለሰው የሚነገር፣ ሁለተኛው በሆድ የሚያዝ ነው። የሚነገረው ሁልጊዜ በሁለት ጨረቃ ያንሳል። አምስተኛ ወሯን የጀመረች ሴት ስትጠየቅ «ሦስተኛዬን ጀመርኩ» ትላለች። ጠያቂዋም ይህን ስለምታውቅ በልቧ ሁለት ጨምራ «አላህ ያውጣሽ» ብላ ትሄዳለች። ምክንያቱ ዓይን ነው፤ ጂንም ነው። የመውለጃዋን ቀን ካወቀው አድፍጦ ይጠብቃታል። ካላወቀው ግን የተነገረውን ወር አምኖ ሲመጣ ልጁ ተወልዶ፣ በጆሮው አዛን ተብሎለት ይቆየዋል። እናቴ ይህን የነገረችኝ ገና ጡት ሳላወጣ ነው። እንደ ሶላትና ከሶላት በፊት እንደሚታጠቡት ውዱ ሁሉ ተማርኩት።

አሁን ከጤና ጣቢያ የሚመጡ ልጃገረዶች «ድሮ እናቶች ስለ እርግዝና ክትትል ምንም አያውቁም ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የማየው ርኅራኄ ያናድደኛል። የእኔ እኩዮች ደግሞ «ድሮ ሁሉን እናውቅ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ በጤና ይገላገል ነበር» ሲሉ ከዚያ የበለጠ ያናድዱኛል። በጤና ያልተገላገሉትን ረስተዋቸዋል፤ የተቀበረች ሴት ወጥታ አትመሰክርም። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ እርግዝና ብቻ ነው፤ ስለ ራሴ። ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ዘመን ነበር። ያቺ የሁለት ወር ቅነሳ ልጄን ያለ አባት ልታስቀርብኝ ነበር።

አባቴ አሊዩ አምባ ላይ የጨውና የቡና ነጋዴ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ዓይኑ ሲደክም ደብዳቤ የሚያነብለት ሰው ስላስፈለገው እኔን አስተማረኝ፤ ቁርአኑን ከሼኽ ዘንድ፣ ፊደሉን ከአንድ የኬላ ጸሐፊ። ወደ ቆላው ወርጄ ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር ከሚያርሱ ሰዎች ቤት ስዳር ፊደሌ እንደ ጉድለት ተቆጠረብኝ። አማቴ «የአሊዩ አምባዋ ጸሐፊ» እያለች ትጠራኝ ነበር። ወጡ ሲያር «ስትጽፍ ነው» ትላለች። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ሞቶ ሲወለድብኝም «መጽሐፍ ታያለች እንጂ ሆዷን መች ታያለች» ብላለች። ያንን አልረሳሁላትም፤ አሁንም አልረሳም።

ባሌ አራት በቅሎዎች ነበሩት። እህል ወደ ደጋ ያወጣባቸው ነበር። ጣሊያን ዳገቱን እየሰነጠቀ መንገድ መቁረጥ ሲጀምር በቅሎ ያለውን ሁሉ ከነበቅሎው ያዘው። ባሌን የወሰዱት ከረመዳን ዒድ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ማሽላው ታጭዶ ነበርና በዋዜማው አውድማ ላይ አብረን ነበርን።

«አንዲት ጨረቃ አለፈችኝ» አልኩት።

መንሹን አቁሞ አየኝ። «አልፋሽ ወዴት ሄደች?»

«ወደዚህ» ብዬ ሆዴን ነካሁ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» አለና ፊቱን ወደ ገለባው አዙሮ ሳቀ። ባልም ቢሆን ወሩን ማወቅ የለበትም፤ ካወቀም እንዳላወቀ መሆን አለበት። ቃሉን ጠበቀ። ለእናቱም፣ ለወንድሙም፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ። ብዙ ጊዜ ምነው አፉ ባልጠበቀ እላለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ቢያመልጠው ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ የያዘውን አይጥልም።

ከዒዱ ሁለት ወር ቆይቶ ለአረፋ በግ ሲታረድ የደሙ ሽታ አጥወለወለኝና ከጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ስመለስ አማቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሆዴ በልብስ የማይሸፈንበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

«ስንተኛሽ ነው?»

«ሁለተኛዬ።»

ሆዴን አየችው፤ ፊቴን አየችው። ሁለት ስትጨምር ዓይኗ ላይ አየሁ። «አላህ ያውጣሽ» አለችኝ። ይህች ሴት የላሟን እርግዝና እንኳ ለጎረቤት በትክክል ተናግራ አታውቅም። ሁለት መጨመር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዋላጇ በየጨረቃው መምጣት ጀመረች። የምትኖረው ወደ ጀውሃ መንገድ ነበር። በአህያዋ ላይ ተቀምጣ፣ ገና ከሩቁ እየተሳደበች ትመጣለች፤ አህያዋን፣ ሙቀቱን፣ ልጆቹን፣ ሁሉንም። ለማንም ፊት አትሰጥም፤ የሚያውቅ እጅ ግን ነበራት። በመጀመሪያ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ ውስጡን ታያለች። ከነጣ ጉበት ብዪ ትላለች። ጥፍሬን ትጫነዋለች። ከዚያ አጋድማኝ ከእምብርቴ በታችና በላይ በጣቷ ትለካለች፤ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። ይንቀሳቀሳል? ሽንትሽ ይመጣል? ደም አይተሻል? ራስሽን ያምሻል? ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ትጠይቃለች። ዘንድሮ ካርድ ይዘው የሚጠይቁት ልጆች ከዚህ ብዙ የራቀ አይጠይቁም።

ግን ደግሞ ይህችው ሴት በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ትንሽ ብዪ፣ ውሃም አታብዢ ትል ነበር፤ ልጁ ከገዘፈ አይወጣም ብላ። በዚህ ምክር ስንት ሴት በምጥ አቅም አጥታ እንደቀረች አላህ ይወቀው። ከነገረችን ውስጥ የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው መርዝ እንደሆነ የሚለይልን ሰው አልነበረም። ሁለቱም ከአንድ አፍ ይመጡ ነበር፤ ሁለቱንም በእኩል እናምን ነበር።

ከአረፋ በወሩ የሚውለው አሹራ አልፎ በሳምንቱ ከመንገድ ሥራው አንድ ሰው መጣ። የባሌን ጥምጣም በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። ገደሉን በድማሚት ሲያፈነዱ ለበቅሎ ነጂዎቹ ማንም አልነገራቸውም አለን። ሁለት በቅሎዎች አብረው ሞቱ፤ የቀሩትን ጣሊያኖች ያዟቸው። እሱንም ሌሎቹንም እዚያው ዳገቱ ላይ ቀበሯቸው። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ይህችን አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው።

ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ ሳትኳል፣ ሳትቀባ ትቀመጣለች። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ዒዳዋ የሚያበቃው ስትወልድ ነው። ስለዚህ የእኔ ዒዳ በሆዴ ይቆጠር ነበር። መቁጠር የጀመረው ግን የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ለቅሶ በተቀመጥን በሰባተኛው ቀን፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እንዳለሁ እያወቀ፣ ከእናቱ ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን መዘርጋት ጀመረ።

«እማ፣ ወንድሜ የሄደው ከዒድ በኋላ በአራተኛው ቀን አይደለም?»

«ነው።»

«እሷ ለአረፋ ምን አለችሽ?»

«ሁለተኛዬ አለች።»

«በይ ቁጠሪው። ወደ ኋላ ቁጠሪው። እሱ መንገድ ላይ ነው፤ እሷ እዚህ ናት። ልጁን በቅሎ ነው የላከው?»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «ሁለት ቀንሼ ነው! ሴት ሁሉ እንደምትቀንሰው ቀንሼ ነው። እማ፣ አንቱ ያውቃሉ።»

አማቴ ቀና ብላ አላየችኝም። «እኔ የማውቀው የነገርሽኝን ነው» አለች።

ለምን እንዳለችው ያኔም ገብቶኛል። የወንዙ ዳር መሬት የባሌ ነበር። ልጁ የባሌ ካልሆነ መሬቱ ወደ ታናሽየው ያልፋል። ከሁለት ልጆቿ አንዱ ሞቷል፤ የሚያርስላትና የሚቀብራት በሕይወት ያለው ነው። የሞተው ልጇ ሚስት ደግሞ የሰው ልጅ ናት፤ የአሊዩ አምባ ሰው። እንዲህ አስልታ እውነቱን ዋጠች።

«ስትወልድ ቃዲው ዘንድ እናቀርባታለን» አለ ታናሽየው። «አባት የሌለው ልጅ በወንድሜ ስም አይጠራም።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነበርኩ። ባሌ ከመሄዱ በፊት ጨረቃዋን በወረቀት ላይ አስፍሬ ቢሆን ኖሮ አውጥቼ አሳያቸው ነበር። አልጻፍኩም። ወር መናገር ዓይን ከጠራ መጻፍማ በር ከፍቶ ማስገባት ነው ብዬ። የተማርኩትን ሁሉ ይዤ እንደ ማንኛዋም ያልተማረች ሴት አደረግሁ። በዚህ እስከ ዛሬ የምቆጣው በራሴ ነው።

በሚቀጥለው ጨረቃ አዋላጇ ስትመጣ እጇን ያዝኳት።

«እትዬ፣ አንቱ ለክተውኛል። ወሩን ይንገሩልኝ።»

«አፌ ወር አይጠራም።»

«ልጄ አባት ሊያጣ ነው እኮ!»

«አባት ያጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ያድጋል። ወሩ የተጠራበት ልጅ ግን ሲያድግ አላየሁም። ልቀቂኝ፤ ሆድሽን ልይበት።» እጄን አላቃ ለካችኝ። ከእምብርቴ በላይ አራት ጣት አስቀምጣ አማቴን ትክ ብላ አየቻት። አማቴም ጣቶቹን አየች።

መውሊድ ባለፈ ሰሞን፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያነድበት ጊዜ፣ ሰውነቴ ያብጥ ጀመር። በመጀመሪያ እግሬ፣ ከዚያ እጄ፣ በኋላም ፊቴ። ጠዋት ስነሣ ዓይኔ አይገለጥም። ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ ይመጡና እየተያዩ ይወጣሉ። አማቴ ደጃፍ ላይ ሆና የምትለውን እሰማለሁ።

«ሐዘን ያከሳል ሲባል ነበር የምናውቀው። የእሷ ያወፍራል።»

«ምን ያድርጉ፣ የቆላ አየር ተስማምቷት ይሆናል» ትላለች ሌላዋ።

«ምን አየር አለ! ያላዘነ ሰው ይወፍራል።»

ያን ሰሞን ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም ነበር። ራሴን ከፊት ለፊት እንደ መዶሻ ይመታኛል። ዓይኔ ላይ እሳት የሚረጭ ይመስለኛል። ይህን ለማን እናገራለሁ? የተናገርኩት ሁሉ ተገልብጦ መልሶ እኔኑ ይመታኝ ነበር።

አዋላጇ ሳትጠራ መጣች፤ ወሬው ደርሷት ኖሯል። አውራ ጣቷን በቅልጥሜ ላይ ተክላ ተጫነችና አነሣችው። ጉድጓዱ እንደነበረ ቀረ።

«ይህ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው» አለች። «ራስሽን ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ዓይንሽ ላይ እንደ ብልጭታ?»

«አዎ።»

ተነሥታ አማቴን ጠራቻት። «እንዲህ ያበጡ ሦስት ሴቶች አውቃለሁ። ሁለቱ ተንቀጥቅጠው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ሞቱ። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

«ሦስተኛዋስ?» አልኳት።

«አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በጣሊያኑ የመንገድ ሥራ ሰፈር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ለሠራተኞች የመጣ ሐኪም እንዳለ ነገረችን። ከዚህ በኋላ እሷ የምታውቀው እንደሌለም ተናገረች። አማቴ አገጯን ያዘች።

«ዒዳ ላይ ያለች ሴት ወደ ካፊር ድንኳን ትሂድ ነው የምትዪው?»

«ካልሄደች ዒዳዋ ከአፈር በታች ያልቃል።»

እኔም እምቢ አልኩ። «ባሌን የገደለው ድማሚት የነሱ ነው። የነሱ እጅ አይነካኝም» አልኩ።

አዋላጇ ተቆጣች። «አንቺን ማን አለሽ? የሚነካው ሆድሽን ነው። ሆድሽ ውስጥ ያለው ደግሞ የባልሽ አይደለም እንዴ? ነው ወይስ እንደሚሉት ነው?»

ይህ ስድብ አስነሣኝ። በማግስቱ ማልደን ሄድን፤ እኔ በአዋላጇ አህያ ላይ፣ አማቴ በእግሯ ከጎኔ። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኳትም። በዒዳ ላይ ያለች ምራቷ ብቻዋን ወንዶች መሐል ሄደች እንዳይባል ይመስለኛል፤ ወይም ብሞት በእሷ እንዳይሳበብ።

ሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። ደጃፉ ላይ ወባ የሚያንቀጠቅጣቸው ሠራተኞች፣ እጃቸው በድንጋይ የተቀጠቀጠ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሴት እኛ ብቻ ነን። ሐኪሙ ሰላም አላለንም። የሚያስተረጉምለት ቱርጁማን ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነበር። የደጋ ሰው ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ በአየር ነፋው። ከዚያ በዕቃ ሽንቴን አስመጣና ትንሿን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀድቶ በእሳት ላይ ያዛት። ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ።

«ሲሕር ነው! ድግምት ነው!» አለች አማቴ።

«ሲሕር አይደለም፤ ከሆድዋ የወጣ ነው» አላት ቱርጁማኑ። ሐኪሙ አንድ ነገር ሲናገር ግን ጢሙን መነካካት ጀመረ። ሐኪሙ ጮኸበት። «እ… የመጨረሻ ደምሽን ያየሽው መቼ ነው ይላል።»

በሩ ክፍት ነው፤ ሰልፈኞቹ ይሰማሉ። አማቴ መከናነቢያዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ይህ ምን ዓይነት ባለጌ ነው?»

«እኔም አፍሬ ነው የምጠይቀው፣ እናቴ። ሳትመልሱ ግን አይለቀኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር በወንድ ፊት ተነሥቶ አያውቅም። ስላልተነሣ በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት እንደ ማስረጃ እንኳ ወደ አፌ አልመጣም ነበር። አሁን ጥያቄው በግልጽ፣ በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ መልሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ከረመዳን በፊት ነው። ሻዕባን ሲገባ» አልኩ። ወደ ቱርጁማኑ ሳይሆን ወደ አማቴ ዞርኩ። «ረመዳንን ሠላሳውንም ቀን ጾሜአለሁ። አንድ ቀን አላፈረስኩም።»

ይህ ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም። ሴት ግን ደሟ በሚመጣባቸው ቀናት አትጾምም፤ ከዒድ በኋላ ያፈረሰችውን ቀን ያህል ቀዷ ታወጣለች። በአንድ ጓዳ የሚኖሩ ሴቶች ማን ስንት ቀን እንዳፈረሰች ያውቃሉ፤ ቀዷውንም አብረው ይጾማሉ። በዚያ ረመዳን እኔ ቀዷ አልነበረብኝም። ደሜ ቀርቶ ነበርና። ባሌም ሙሉውን ረመዳን ቤቱ ነበር፤ ከጎኔ ተኝቶ ይነሣ ነበር። አማቴ ደግሞ ወንዝ ወርዳ «ምራቴ ዘንድሮ አንድ ቀን አላፈረሰችም» ብላ ለሴቶቹ ስትኩራራ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

«እማ፣ በረመዳን ስንት ቀን አፈረስኩ?»

ቱርጁማኑ እኔን አየ፤ እሷን አየ። «መልሱ እንጂ፤ ሰውየው ይጠብቃል።»

አማቴ መከናነቢያዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበችው። «አንድም» አለች በመጨረሻ።

ሐኪሙ በጣቱ ቆጠረ። «ስምንተኛ ወርሽን ይዘሻል ይላል» አለኝ ቱርጁማኑ ጮክ ብሎ። ለአምስት ወር የደበቅሁት ወር በባዕድ አፍ፣ በሕዝብ ፊት ተጠራ። ስሜ ሲድን ልጄ የምትሞት መሰለኝ። ይህ ፍርሃት ከንቱ እንደነበር ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ ያኔ ግን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እስክትንቀሳቀስ ጠበቅሁ።

ሐኪሙ ንግግሩን ቀጠለ። ጨው እንዳልቀምስ፣ ወተት እንድጠጣ፣ በጎኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንድተኛ። እዚያው ብቀር ይሻላል፤ ግን ከወንዶቹ ማስተኛ በቀር ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ በእጁ የማባረር ምልክት አሳየና አንድ ነገር አከለ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ተይው።»

«ምን አለ?»

«ሴቶቻችሁ የሚመጡት ከበሰበሱ በኋላ ነው አለ።»

«ወንዶቻችንን በድንጋይ ስታደቅቁ ማን አስታመመን በለው።»

ቱርጁማኑ ወደ ሐኪሙ ዞር ብሎ በአጭሩ አንድ ቃል ተናገረ። ምስጋና መሆኑን ከፊቱ አወቅሁ። ወደ እኔ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ አልተረጎምኩም፤ አንቺም አልተናገርሽም። ሂጂ፣ ልጅሽን ውለጂ» አለኝ።

ስንመለስ አማቴ ከአህያዋ ፊት ፊት እየቀደመች እስከ ወንዙ ሄደች። አህያዋ ውሃ ስትጠጣ ቆመን ሳለ «በወንዶች መሐል ራቁቴን አቆምሽኝ» አለችኝ።

«አንቱ እኔን ካቆሙኝ ሦስተኛ ጨረቃዬ ነው።»

የአህያዋን ገመድ ስባ መንገድ ጀመረች። ይቅርታም አልጠየቀችም። እኔም ብትጠይቀኝ የምሰጣት አልነበረኝም።

ያን ቀን ማታ የተሠራው የማሽላ ገንፎ ጨው አልነበረውም። ታናሽየው አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተፋው።

«ጨው የለውም እኮ!»

«የለውም። ብላ» አለችው እናቱ።

«ለምን?»

«ብላ አልኩህ። ያንን የጣት ቆጠራህንም ተው።»

«ምን አሰሙሽ ደግሞ? ፈረንጁ ነው ያስፈራራሽ?»

«ተው አልኩህ።»

ምክንያቱን አልነገረችውም። የሴት ደምና የሴት ጾም ለወንድ ልጅ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እሱ አላመነም፤ እኔን ባየ ቁጥር ምራቁን መትፋቱን አልተወም። ጨው ግን ከዚያ በኋላ እስክወልድ ድረስ በድስቱ ውስጥ አልገባም። አንድ ቀን ወተቱን ስታቀብለኝ ዓይኗን ብፈልግ፣ «ላንቺ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «የልጄ ደም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት። ጽዋውን አስቀምጣ ወጣች።

ሰባት ሳምንት ያህል በጎኔ ተኛሁ። አዋላጇ በየሳምንቱ እየመጣች ቅልጥሜን ትጫናለች። ጉድጓዱ እየጎደለ ሄደ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ትንሽ ብዪ የሚለውን ምክሯን ተወችው። «ፈረንጁ ወተት ብሏል፤ ወተት ትጠጣለች» ትላለች፤ ፈረንጁን ስትጠራ የምትጨምረው ስድብ ግን እዚህ አይጻፍም። ከሁለቱ የቱ ልክ እንደሆነ መርጣ አይመስለኝም። የሁለቱን ሴቶች ነገር ረስታ ስላላወቀች ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንዳንዴ ባሌ ደጃፉ ላይ ቆሞ «አልሰማሁም» እያለ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። ተነሥቼ አንገቱን ላንቀው እፈልግ ነበር። ከዚያ አለቅሳለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ሮቢ ሞልቶ ሲጮህ፣ እኩለ ቀን ላይ ወለድኩ። ምጡ ከማለዳ ጀምሮ ነበር። ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ ግን አልተንቀጠቀጥኩም፤ ምላሴንም አልነከስኩም። አዋላጇ ሕፃኗን ገልብጣ ጀርባዋን መታቻት፤ ጮኸች። ከዚያ ትንንሾቹን ጣቶች ወደ ብርሃኑ አወጣችና ለአማቴ አሳየቻት። ጥፍሮቿ ከጣቶቿ ጫፍ አልፈው ነበር።

«የሰባት ወር ልጅ ይህ ጥፍር አላት?»

«እጇን ሸፍኚላት፤ ይበርዳታል» አለች አማቴ።

ታናሽየው ከደጅ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሴት ናት ሲሉት ሳቀ። «ለሴት ነው ይህ ሁሉ ጦርነት?» አለ። የሴት ድርሻ ከወንድ ያነሰ ስለሆነ ከመሬቱ ለእሱም ይደርሰው ነበር። እናቱ በልጇ ሞት ላይ ያንን ሁሉ ዝም ያለችው ይህችን ለምታህል መሬት ኖሯል።

በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣ በግ ታረደ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ዒዳዬ ያበቃው በወለድኩበት ሰዓት ቢሆንም እኔ ከአራስ ቤት መጋረጃ ወዲህ ነበርኩ። ሕፃኗን አማቴ ይዛ ወጣች። አባት ያለው ልጅ ሲሆን የሚናገረው አባት ነው። አባት ሲሞት የአባት ወንድም ይናገራል። ሼኹ ዱዓ አድርገው ቀና አሉ።

«የማን ልጅ ናት?»

ታናሽየው ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሴቶቹም ሁሉ ያዩት ነበር። በወንዝ ዳር ስለ ሙሉው ረመዳን ጉራ የሰሙት ሴቶች ነበሩ። ምን እንደሚያውቁ እሱ አያውቅም፤ የሆነ ነገር እንደሚያውቁ ግን አየ።

«የወንድሜ» አለ በጥርሱ መሐል።

«ሼኻችን፣ እኔ አልሰማሁም» አለች አዋላጇ ከጥግ። «ጆሮዬ ደክሟል።»

«የወንድሜ ናት አልኩ።»

«ምን አለ? ምንህ ናት?»

አንዳንዶቹ ሴቶች አፋቸውን በመከናነቢያቸው ያዙ። ሼኹ ጢማቸውን እያሻሹ ጠበቁ።

«የወንድሜ ልጅ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከደጅ በግ የሚገፍፉት ሰዎች ቢላዋቸውን ይዘው ቀና አሉ፤ ሕፃኗም ደንግጣ አለቀሰች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አንድ ጊዜ ደግሞ ቃሉን እንዲያስደግሙት ፈለግሁ።